የትርንጎው ጠጅ

ወንዶች ስለ ጠጅ ሲፈርዱ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማሩን የምታጠልለው፣ ጌሾውን የምታበስለው፣ ጋኑን የምታጥነው ሴት ጓዳ ትቀራለች፤ ብርሌ የጨበጠው ወንድ ግን አፉን እያጣጣመ «ይሄኛው ትንሽ ቸኩሏል» ይላል። ባሌ አምሐም እንደዚያው ነበር። እንዲያውም ከሁሉም ይብስ ነበር፤ መፍረዱ አልበቃ ብሎት ልርዳሽ የሚል አባዜ ነበረበት።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አዲሱን ጋን አጥኖ ጠበቀኝ። ጋን የሚታጠነው በወይራ ነው፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። የእኔ ጌታ ወይራ ቢያጣ ጊዜ ጥድ አጢሶበት ኖሯል! «ጥድም እንጨት ነው» አለኝ ጭራሽ። በዚያ ጋን የጣልኩት ጠጅ ከጉሮሮ የማይወርድ የሙጫ ምሬት ነበረው። ለእንግዳ ማቅረቡን ተውኩት። እሱ ግን «እንዲያውም ይሻላል» እያለ ብቻውን ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ ጋን እንዳይነካ አስማልኩት። ባሌን ሰው ፊት አላዋርድም ብዬ ጉዱን ለማንም አልተናገርኩም።

ያኔ ኮልፌ ላይ፣ ከቀራኒዮ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ቤት ሆነን አንድ ልማድ ነበረን። አንዱ ቤት የእኛ ነው። ሁለተኛው የዱባለና የሚስቱ የካሳነሽ። ዱባለ ከሆለታ በኩል ማርና ጌሾ በበቅሎ እያመጣ የሚነግድ፣ ለአምሐ እንደ ወንድም የሆነ ሰው ነው፤ ካሳነሽ ደግሞ ለእኔ ከእህት በላይ። ሦስተኛው የአባባ ወዬሳ ቤት ነው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ምላሳቸው የተፈራ ሽማግሌ። በየዓመቱ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጋን ጠጅ አፉን በጭቃ መርጎ መሬት ይቀብራል። ሲከርም ጥቅምት ላይ ወጥቶ ይወዳደራል። ቅዳሜ ቅምሻ፣ እሑድ ፍርድ። «ቅዳሜ ምላስ ይቸኩላል፤ እሑድ ይረጋጋል» ይሉ ነበር አባባ ወዬሳ።

በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጣልያን ሊገባ ሲቃረብ፣ የመጨረሻውን ጋን ጣልኩ። እኔው በወይራ ለስለስ አድርጌ አጠንኩት፤ ከጓሯችን ትርንጎም ልጣጭ አድርቄ ጨመርኩበት። ጠጅ ውስጥ የትርንጎ ልጣጭ የምትጨምር ሴት በአካባቢው ከእኔ በቀር አልነበረችም። አምሐ ጋኑን በበቅሎ ጭኖ ወስዶ ቀበረው። የት እንደሆነ ብጠይቀው «ካላወቅሽ አያስለፈልፉሽም» አለኝ። ምን ያስቃል፣ አስቆኝ ነበር።

በዓመቱ የካቲት አሥራ ሁለት ሆነ። አምሐ ጠዋት ወደ ከተማ እንደወጣ ቀረ። ማታውን ጣልያኖቹ ቤታችንን አነደዱት፤ የትርንጎዋ ዛፍም አብራ ከሰለች። እኔ በካሳነሽ ቀሚስ ተሸፍኜ አባባ ወዬሳ ግቢ ካለችው ትንሽ ክፍል ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ባሌን ፍለጋ ያልረገጥኩት የእስር ቤት ደጅ የለም። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። ሞቷል ብዬ ለቅሶ እንዳልቀመጥ ሬሳውን አላየሁ፤ አለ ብዬ እንዳልጠብቅ ያየው ሰው የለም። ዱባለን እግሩ ላይ ወድቄ ጠየቅሁት። አላየሁትም አለኝ።

በዚህ ላይ ጥሩሰው አለ። ጥሩሰው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ነው፤ ስም አውጪው አባቱ ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ። በየሳምንቱ ይመጣና እንደ ስሜቱ አንዴ ባልሽ ሞቷል፣ አንዴ ሸፍቷል ይለኛል። «መጨረሻ ያየውን ሰው ጠቁሚኝ፤ የት እንደገባ እኔ አወጣልሻለሁ» ይላል ሲሄድ። የምጠቁመው ሰው አልነበረኝም።

በሠላሳ አንድ ጥቅምት ላይ ዱባለ ድንገት «ልማዳችንን እንመልሰው» አለ። ገረመኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጅ ያማረው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ካሳነሽ ለምና ወሰደችኝ፤ «ሐዘን ብቻውን አይገፋም፣ ነይ» ብላ።

ቅዳሜ ከሰዓት አራታችን ዱባለ ቤት ተቀመጥን። መጀመሪያ የአባባ ወዬሳ ቀረበ።

«የእርስዎስ እንደ ባለቤቱ ነው» አለች ካሳነሽ፤ «ደርቋል።»

«የደረቀ እንጨት ነው የሚነደው፣ ልጄ» አሉ እሳቸው።

የካሳነሽ ቀጠለ፤ ጣፋጭ ነው፣ እንደ እሷ። ሦስተኛው ዱባለ ራሱ ከጓዳ ተሸክሞ ያወጣው ትንሽ ገንቦ ነበር። «ይሄ ከመንገድ ያገኘሁት ነው» አለና በእጁ ቀዳልኝ።

ተጎነጨሁ። ትርንጎ።

ሌላ ሊሆን አይችልም። ያቺ ዛፍ ከሰል ሆናለች፤ ልጣጯ ያረፈበት ጠጅ በዓለም ላይ አንድ ጋን ብቻ ነው፣ የጋኑን ቦታ የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። አፌ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ብርሌውን መሬት አስቀመጥኩት። አባባ ወዬሳ አጠገቤ ሆነው «ይህን የጣለች እጇ ይባረክ። ግን ከኋላው አንድ የማላውቀው ነገር አለ፤ ነገ እደርስበታለሁ» ሲሉ ከሩቅ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሰማኋቸው።

«ዱባለ» አልኩ፣ «ይህን ከማን አገኘኸው?»

«ከሰው ነዋ!»

«ከየትኛው ሰው?»

«አጸደ፣ ምን ታጣድፊኛለሽ? ደህና አድርገሽ ቅመሺው እንጂ» አለና ፈገግ አለ።

ፈገግ አለ! ሌላውን ሁሉ ብረሳ ያን ፈገግታ አልረሳውም። አላየሁትም ያለኝ ሰው፣ ባሌ ብቻ ከሚያውቀው ጉድጓድ የወጣውን ጠጅ እየቀዳልኝ ይስቅብኛል። አምሐን አግኝቶታል ማለት ነው። አናዝዞታል፣ ወይም ለጣልያን ሸጦታል፣ ወይም ሲሞት ቆሞ አይቷል። ራሴን አመመኝ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ካሳነሽ እስከ በር ሸኘችኝና ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። እጇ ሲነካኝ ዘገነነኝ።

እሑድ ቅዳሴ ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁም። የማስበው ጥሩሰውን ነበር። ዱባለ ለፍርዱ ጠርቶታል፤ አስተርጓሚ ወዳጅ የሌለው ነጋዴ ጭነቱ ኬላ ላይ ስለሚያድር ነው። እንግዲህ መጨረሻ ያየውን ሰው ጠቁሚኝ አላለም? በሰው ፊት እጠቁመዋለሁ። ደም የሚመልስ ዳኛ በሌለበት አገር፣ ጣልያንም ቢሆን ይብላው! ካሳነሽ ትዝ አለችኝ፤ እሷንም ከልቤ ገፋኋት።

ስደርስ ጥሩሰው ከላይ ተቀምጧል። ገለባ የለበሰ ጠርሙስ ቪኖ፣ የጣልያኖቹን ወይን፣ ይዞ መጥቶ የእኛን ጠጅ ሊያስንቅበት ቋምጧል። አባባ ወዬሳ ቀመሱለት።

«መልካም ነው» አሉ። «ትንሽ ቢቆይ ደህና ኮምጣጤ ይወጣዋል።»

ጥሩሰው እየተመረቀ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ትንሹ ገንቦ ወጣ፤ ዱባለ ለሁሉም ቀዳ። እኔ ጋ ሲደርስ እስከ አፉ ሞላልኝ። ያኔ ብድግ አልኩ።

«አቶ ጥሩሰው፣ ይህ ጠጅ የእኔ ነው።»

«እንዴት?»

«የጣልኩት እኔ ነኝ። ጣልያን ሲገባ አምሐ የቀበረው ነው።»

ጥሩሰው ብርሌውን አስቀመጠ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አምሐ የቀበረው? ታዲያ ማን አወጣው?»

ዱባለ አመድ መሰለ። የገረመኝ ግን የሚያየው ጥሩሰውን አልነበረም፤ እጄ ላይ ያለውን ብርሌ ነበር። ካሳነሽ «ምንድነው የምትለው?» እያለች አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የዱባለን ስም ከመጥራቴ በፊት ግን ለድፍረት ያህል ብርሌውን አንስቼ ትልቅ ጉንጭ ጠጣሁ።

መጀመሪያ ትርንጎው መጣ። ትርንጎው ሲወርድ ከኋላው ያ ምሬት መጣ። የሙጫ ምሬት። ጥድ።

ያን ጋን ያጠንኩት እኔ ነኝ፣ በወይራ። ጥድ አጠገቡ አልደረሰም። ይህ ጢስ ደግሞ የቅርብ ነው፤ ገና አፍ ይይዛል። ጠጁ ከጋኑ ወጥቶ ወደዚህ ገንቦ ሲገለበጥ ገንቦውን በጥድ ያጠነ ሰው አለ። በዚህ አገር ገንቦ በጥድ የሚያጥን ቂል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ያገባሁት። ከሆለታ መንገድ ወዲያ ደግሞ ሱባ አለ፤ የሱባ ዱር ሁሉ ጥድ ነው። ሸፍቶ ዱር ገብቷል። በሕይወት አለ! ሰው ልኮ ቢነግረኝ ፊቴ ሚስጥር እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ እኔ ብቻ በማውቀው መንገድ ላከብኝ። ዱባለም «ደህና አድርገሽ ቅመሺው» ያለኝ ለዚህ ነበር። እኔ ግን ይኸው ተነስቼ ሁለቱንም በአንድ ቃል ላሰቅላቸው ነው።

«አንቺ!» አለ ጥሩሰው። «ማን አወጣው ነው የምልሽ!»

«እኔ» አልኩ።

«አንቺ?»

«እኔው ቆፍሬ አወጣሁት። ለዱባለ ሰጠሁት።»

«ለምን?»

የምለው ነገር ድንገት መጣልኝ፤ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ስናገር የገዛ ጆሮዬ ደነገጠ።

«ሴት የሰው ባልን ተደብቃ ጠጅ የምትሰጠው ለምን ይመስልዎታል፣ አቶ ጥሩሰው? እሱ ግን ከመንገድ አገኘሁት ብሎ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ይጠጣዋል! ትናንት ስቆብኝ ነው ያደረው። አልችልም! ሰው ይወቀው!»

ጥሩሰው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔ እኮ ባሏን ስትጠብቅ መስሎኝ! በየሳምንቱ የምመላለሰው!» አለና ጭኑን እየመታ ወደ ዱባለ ዞረ። «እውነት ነው?»

ዱባለ ዓይኔን አየ። ምን እንደቀመስኩ ገብቶታል። አንገቱን ደፋና «አዎ» አለ።

ካሳነሽ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተነስታ ፊቴ ቆመች።

«ቤትሽ ሲቃጠል የገዛ ቀሚሴን አላለበስኩሽም?» አለች።

አንድ ቃል ብቻ ብነግራት ኖሮ እቅፍ ታደርገኝ ነበር፤ ያን ቃል ግን ጥሩሰው ባለበት፣ ጥሩሰው በሌለበትም ቢሆን፣ ፊቷ እንደ እኔው ሚስጥር ለማይችል ሴት መንገር አይቻልም። በእጇ ያለውን ጠጅ ፊቴ ላይ ደፋችው። ነጠላዬን ከትከሻዬ መንጭቃ ጣለችና ምራቋን ተፋችብኝ። እውነተኛ እንባ ከዓይኔ ወረደ፤ ለጥሩሰው ብዬ ያላስመሰልኩት እሱን ብቻ ነው።

አባባ ወዬሳ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። እኔን አላዩኝም፤ ግድግዳውን እያዩ ነው የተናገሩት። «ከግቢዬ ዕቃሽን ዛሬውኑ አውጪ። እንደ ልጄ ነበር ያስቀመጥኩሽ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩ።

ነጠላዬን ከመሬት አንስቼ ወጣሁ። የጥሩሰው ሳቅ እስከ አጥሩ ተከተለኝ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አንዷ ገና ምንም ሳትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እስከ ማታ ኮልፌ በሙሉ ይሰማል። ነገ ወሬው ሆለታ ይደርሳል፤ ከሆለታም ዱር ይገባል፤ አምሐ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ማደሪያ የለኝም፣ እህት የለኝም፣ ስም የለኝም። ደረቴ ውስጥ ግን እልልታ ታንቆ ይዘላል፤ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ፣ እንደ ተዋረደች ሴት አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ጠጁ ከፀጉሬ እየተንጠባጠበ በጉንጬ ሲወርድ ማንም ሳያየኝ በምላሴ ላስኩት። ጥድ ጥድ ይላል።