ሁለቴ የሚመታ አውራ ጣት

እትዬ ጥሩነሽ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ቅዳጅ ጠቀለሉ፤ ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው አጠበቁትና በጽሕፈት መኪናው ላይ እንደገና መምታት ጀመሩ። ምንትዋብ ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ሆና በጆሮዋ ተከታተለቻቸው። ዓረፍተ ነገሩ አለቀ፤ አራት ነጥቡ ተመታ። ከዚያ ያ የታሰረ አውራ ጣት ባዶ ቦታ የሚተወውን ረጅሙን ቁልፍ ጧ አደረገው። ወዲያው ደግሞ፣ ጧ።

"አየሽ አንቺ ልጅ?" አሉ እጃቸውን ከመኪናው ላይ አንስተው። "ታስሮም አልሰማ አለኝ።"

"አራት ነጥቡ ጋ ሲደርሱ ቆም ይበሉ እትዬ።"

"ቆም ስል ነው እኮ የሚመታው! ስንት ዘመን የለመደ ጣት በአንድ ማስታወሻ ይታዘዛል?"

ማስታወሻውን ያወጣው የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ገሰሰ ነው። ወረቀት የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ከአራት ነጥብ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይተው፤ ሁለት መተው ብክነት ነው ይላል። ከዚያ በፊት ነገሩ በታይፒስቶቹ ክፍል የቀልድ ክርክር ነበር። ወጣቶቹ "አንድ ይበቃል፤ ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል" ሲሉ፣ እትዬ ጥሩነሽ "የሚያነበው ሰው ነው፤ ትንፋሽ ይውሰድ እንጂ" እያሉ ይመልሱ ነበር። ምንትዋብ ቦሌ መንገድ ዳር ባለው በዚህ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ጣቷን የት እንደምታሳርፍ እንኳ አታውቅም ነበር። እጇን ይዘው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁለት መተውንም የለመደችው ከእሳቸው ነው፤ ግን ጣቷ ገና ለጋ ነውና ማስታወሻው በወጣ በሳምንቱ ተወችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ጓድ ገሰሰ አንድ እቅፍ ደብዳቤ ይዞ ተነሣ።

"ጓድ ጥሩነሽ፣ ይህን ሁሉ የመቱት እርስዎ ነዎት። መመሪያውን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?"

እትዬ ጥሩነሽ ብድግ አሉ። "ልማድ ነው ጓድ። ጣቴ እምቢ ብሎኝ ነው።"

ከኋላ አንዱ "አመል ያወጣል ከመሐል" ብሎ አንሾካሾከ፤ ሰው ሳቀ። ጓድ ገሰሰ አልሳቀም።

"ጣት በራሱ አያስብም። ጓድ ምንትዋብ፣ አንቺ አጠገባቸው ነሽ። አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ?"

ምንትዋብ ቆመች። የዚያን ዕለት ጧት ኮሪደር ላይ አግኝቷት "ባልሽ ደኅና ነው?" ብሏት ነበር፣ በፈገግታ። ባሏ ቢተው ቀበሌ ታስሮ የተፈታው በፋሲካ ሰሞን ነው። እስር ቤት ስንቅ ለማድረስ ፈቃድ ስትጠይቅ የነበረው ጓድ ገሰሰን ነውና ሁሉንም ያውቃል። ጨርቁ አሁንም በእትዬ ጥሩነሽ አውራ ጣት ላይ እንደተጠመጠመ ይታያታል።

"አውቀው ነው" አለች።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ እሷ አልዞሩም። ጨርቁን ቀስ ብለው ፈቱና ኪሳቸው ከተቱት።

ማምሻውን ሁለት ሰዎች ከበሩ ላይ ጠብቀው በላንድሮቨር ወሰዷቸው። ከወር በላይ ታስረው ሲፈቱ የስንብት ደብዳቤ ጠበቃቸው። ምክንያቱ "አሻጥር" ይላል። የእሳቸውን የዋና ታይፒስትነት ወንበር ምንትዋብ ወረሰችው።

ክረምቱ ሲያልፍ ከበላይ መሥሪያ ቤት የቁጣ ደብዳቤ መጣ። የካርቦን ወረቀቱ አርጅቷልና አራት ነጥቡ በቅጂው ላይ አይታይም፤ ክፍተቱም ስለጠበበ ዓረፍተ ነገሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚለይ ጠፋ። ጓድ ገሰሰ ምንትዋብን አስጠራት።

"ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለት ይተው" አላት ቀና ሳይል።

"እትዬ ጥሩነሽስ ታዲያ?"

"እሳቸው ምን ሆኑ?"

"በዚሁ ምክንያት አይደል እንዴ የተባረሩት?"

"የተባረሩት በአሻጥር ነው። ምስክር አለባቸው።" አሁን ቀና አለ። "ምስክሩ በስብሰባ ላይ ቃሉን ካላነሣ ፋይሉ አይከፈትም። ቃል ማንሣት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።"

ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ሄደች። እትዬ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከስተዋል።

"ይግቡ" አሏት።

ምንትዋብ ባለችበት ደረቀች። ከተዋወቁ ጀምሮ "አንቺ ልጅ" እንጂ ሌላ ብለዋት አያውቁም።

"እትዬ፣ እኔን ነው 'ይግቡ' የሚሉኝ?"

"እንግዳ ነዎት እኮ።"

ቆማ እንዳለች የመጣችበትን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ ጥሩነሽ ከምስሩ ጠጠር እያወጡ ሰሟት።

"ጡረታዬ ደርሶ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "በአሻጥር ለተባረረ ጡረታ የለውም። ይናገሩልኝ ብዬ ግን አላስገድድዎትም።"

"እናገራለሁ! ማርያምን! ሰኞ እናገራለሁ።"

"ማርያምን ተያት" አሉ።

አንቺ አሏት። ምንትዋብ ዕንባዋ መጣ። ከምስሩ እፍኝ ዘግና አብራቸው ልትለቅም ስትጎነበስ፣ እትዬ ጥሩነሽ ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

እሑድ ለቢተው ነገረችው። "የመጡ እንደሆነ እኔን ነው የሚወስዱት" አለ።

ሰኞ ስብሰባው ሞቅ ብሎ ዋለ። ዋና ታይፒስቷ ቃለ ጉባኤ ያዥም ናትና ምንትዋብ ከጓድ ገሰሰ ጎን ተቀምጣ ስትጽፍ ቆየች። አጀንዳው አለቀ።

"ሌላ ነጥብ ያለው ጓድ አለ?"

ምንትዋብ ግራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ በሚመስል ዝቅታ ቦሌ ሊያርፍ ሲያልፍ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ወትሮው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እስኪያልፍ ጠበቀ። እጇን ያየ የለም፤ ከጓድ ገሰሰ በቀር። እሱ ዓይኑን ተከለባት።

ድምፁ ራቀ።

"አለ ወይ ነው የምላችሁ?" ሲል ደገመ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።

ምንትዋብ በተነሣው እጇ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። ከዚያ አቀርቅራ "ሌላ ነጥብ ስላልቀረበ የዕለቱ ስብሰባ ተዘግቷል" ብላ ጻፈች።