ቀይዋ ከጥርሱ ሥር

አማቴ ማማ ቴፓኤሩ የቤታችንን ጣሪያ አረንጓዴ ያስቀቡት ባሌ ባሕር ላይ ሳለ ነው። እሱ ካለ እንደማይሆን ያውቃሉ። ቱታካ በመጣ ቁጥር፣ ማለትም ኮሚቴው ከቤት ቤት እየዞረ ግቢና ጓዳችንን አይቶ ነጥብ በሚሰጥበት ሰሞን፣ እናትና ልጅ በጣሪያው ይጣላሉ። «የዛገ ቀይ ጣሪያ ይዤ ሰው ፊት አልቆምም» ይላሉ እሳቸው። «ከፈለግሽ ቀዩን በቀይ አድስልሻለሁ፤ ሌላ ቀለም ግን አይነካውም» ይላል እሱ። ለምን ሲሉት መልስ የለም። የባሌ የቴኦኮታይ አባትም እንዲሁ ነበሩ አሉ። የዚህ ከተማ ዓሣ አጥማጅ የባሕር ምስጢሩን ከሚያወጣ ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል፤ ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ወደ ሚስት አይተላለፍም።

እናም ባሌ ወጣ፣ አማቴ የወንድማቸውን ልጆች ጠሩ፣ የእህታቸው ልጅ ከኒውዚላንድ የላከችላቸው አረንጓዴ ቀለም ከአልጋ ሥር ተጎትቶ ወጣ። «ሲመለስ ያየዋል፤ ደስ ይለዋል» አሉኝ። በአማትና በጣሪያዋ መካከል የሚገባ ሰው እብድ ነው።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ፓፓ ሜቱአ ደግሞ ከማማ ጋር በአጥር፣ በዶሮ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲፎካከሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የእኛ ቤት አረንጓዴ መሆኑን ሲያዩ የራሳቸውን ጣሪያ በማግስቱ ቀይ አስቀቡት፤ እንደ በርበሬ የቀላ። ማማ ከአጥሩ በላይ አይተው «ይሄ ለመታየት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

አቫሩአ ማለት ሁለት በር ማለት ነው። ከተማችን ከተራራውና ከባሕሩ መካከል የተጣበቀች አንድ መንገድ ናት፤ አቅጣጫ የሚባለውም ወደ ባሕር ወይም ወደ ተራራ ነው፤ ቀኝና ግራ የሚል ሰው ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። ከፊታችን የኮራል ግድግዳ ከውሃው ሥር ተጋርጧል፤ ሁለቱ በሮች የዚህ ግድግዳ ክፍተቶች ናቸው። ትልቁ የመርከቦች ነው። ትንሹ በእኛ ቤት ትይዩ ያለው ነው፤ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከትንሹ በር በስተ ምሥራቅ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የዛገ የመርከብ ቦይለር፣ የእንፋሎት ውሃ የሚፈላበት ትልቅ የብረት ጋን፣ ኮራሉ ላይ ተገትሯል። በአያቶቻችን ጊዜ መንገዱን ስቶ የተሰበረ መርከብ ቅሪት ነው። ሕፃን ሆነን ስናለቅስ «ዋ! ለቦይለሩ ነው የምሰጥሽ!» ይሉን ነበር።

ቴኦኮታይ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ወገቤን ይይዝና «ቀይዋ ከጥርሱ ሥር ስትገባልኝ፣ በቃ፣ ቤቴ ገባሁ እላለሁ» ይለኛል። ጥርሱ የምንለው ከቤታችን ጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሹል ተራራ ነው። ቀይዋ ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ከእህቶቼ ሁሉ ቀላ የምለው እኔ ነኛ! በዚህች ቃል ስንት ዓመት ስሽኮረመም ኖርኩ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ባሌ ይመለሳል ያልነው ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ነበር። ግን ማዶ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የተነሣ አውሎ ነፋስ ከሰሜን በኩል ውሃውን ወደ እኛ ይገፋ ጀመር። እስከ ቀትር ድረስ ሞገዱ የቤት ቁመት አክሎ በኮራሉ ላይ ሲፈርስ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ትልቁ በር ተዘጋ። የከተማው ሰው ሱቁንም ቢሮውንም ጥሎ ባሕሩ ዳር ቆመ። እኔም ባሌ ያልገባልኝ ነበርኩና ከፓፓ ሜቱአ ጎን ቆሜ፣ እሳቸው በሩቅ ማሳያ መነጽራቸው እያዩ እኔ ፊታቸውን እያየሁ እጠብቃለሁ።

«አንድ ነጭ ነገር አለ» አሉ።

«የማን ነው ፓፓ?»

«የማን ይሆናል? በእንዲህ ያለ ውሃ የሚመጣ ሌላ ጅል አለን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ግን ለምን ደሴቱን ዞሮ ከጀርባ አይገባም? እዚያ ውሃው ጸጥ ያለ ነው።»

«በምን ነዳጅ ልጄ? ይህን ሁሉ ቀን ከርሞ ነዳጅ የተረፈው ይመስልሻል? ራዲዮውንስ ጨው አልበላበትም? አትፍሪ። ደጅ ቆሞ ትልቁን ሞገድ ያሳልፋል፤ ከዚያ ጀርባው ላይ ሆኖ ይገባል። አባቱ እንዲህ ነበር የሚገባው። መስመሩን ከያዘ ምንም አይሆን።»

መነጽሩን ከዐይናቸው አንሥተው ጠረጉትና መልሰው አዩ።

«ይሄ ልጅ ጠጥቷል እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«አፍንጫውን ወደ ቦይለሩ አዙሯል።»

መነጽሩን ነጠቅኋቸው። እውነት ነው፤ ጀልባው ሞገድ አናት ላይ በወጣ ቁጥር ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደዚያ የዛገ ብረት ነው። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ባሕር ላይ ቢራ አይቀምስም። ወዴት እያየ ነው ብዬ እሱ በሚያይበት አቅጣጫ፣ ወደ ከተማው ዞርኩ። ቤታችን የለም። አረንጓዴው ጣሪያ በአረንጓዴው ተራራ ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል። በዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል አንድ ቀይ ነገር ብቻ ይጮኻል፤ የፓፓ ሜቱአ ጣሪያ።

የፓፓን ክንድ ያዝኩ።

«ፓፓ! ቀይዋ እኔ አይደለሁም!»

«ምን ትያለሽ አንቺ?»

«ቀይዋ ጣሪያው ነው! ቀይዋ ከጥርሱ ሥር ስትገባልኝ ይለኝ የነበረው የእኛን ጣሪያ ነው፤ ከተራራው ጋር ሲገጥምለት በሩ ፊቱ ነው! እኛ አረንጓዴ ቀባነው፤ እርስዎ ቀይ ቀቡ! አሁን የእርስዎን ቤት ከተራራው ሥር አድርጎ በእሱ ሊገባ ነው!»

አሮጌ ባሕረኛ አይደሉ፣ ሁለተኛ አላስረዳኋቸውም። «ልጁን ልገድለው ነው» አሉ፤ ከዚያ ለዚያ ሁሉ ወንድ «ሸራ! ሸራ ያለህ፣ የዘንባባ ቅጠል ያለህ፣ ጣሪያዬን አልብሱልኝ!» እያሉ በማይታጠፍ ጉልበታቸው መሮጥ ጀመሩ። ባሌ ከዚያ ርቀት ቤት ከቤት አይለይም፤ ሞገዱ አናት ላይ ሲወጣ ለአፍታ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው። የእሳቸውን ቀይ ማጥፋት ግን ግማሹ ሥራ ነበር። የእኛን መመለስ አለብን። ቀለም ለመቀባት ጊዜ የለም፤ የእኔ ቀያይ ሽርጦች ተደምረው ጣሪያውን ቀርቶ መስኮቱን አይሸፍኑም። ቤታችን ውስጥ ያን የሚያህል ቀይ ነገር አንድ ብቻ አለ። የት እንዳለም አውቃለሁ።

ማማ ግቢው ውስጥ ተንበርክከው የባላቸውን መቃብር ለቱታካ ኖራ ይቀቡ ነበር።

«ማማ፣ ቲቫኤቫኤውን ያውጡልኝ! ቀዩን!»

ብሩሹ በእጃቸው ቀረ። ቀዩ ቲቫኤቫኤ ማማ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር ተቀምጠው በእጃቸው የሰፉት ትልቅ የአልጋ ልብስ ነው፤ ቀይ መደብ ላይ ትሪ ትሪ የሚያካክሉ ነጫጭ አበቦች። አልጋ ላይ ግን ተነጥፎ አያውቅም። እህቶቻቸው በየራሳቸው ቲቫኤቫኤ ተጠቅልለው ተቀብረዋል። ይሄኛው ደግሞ የማማ ነው፤ ቀናቸውን እየጠበቀ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

የሆነውን በጩኸት ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ ባሕር ላይ እያለ የመቀበሪያዬን ልብስ ላውጣ? የሬሳ ልብስ ለባሕር ይታያል? ሞትን ልጥራበት?»

«ካላወጡት ሳይጠራ ነው የሚመጣው! ይዩት! ወደ ቦይለሩ እየሄደ ነው!»

በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። እሳቸው እኔን አላዩኝም፤ ከአጥሩ በላይ ባሕሩን አዩ። ስለዘገዩ ጠላኋቸው፤ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት አምርሬ ጠላኋቸው። ከዚያ ብሩሹን ሣሩ ላይ ጣሉና ገቡ። የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት የብል መከላከያው ሽታ እስከ ደጅ መጣ።

የቀቢዎቹ መሰላል ገና ግድግዳው ላይ ነው። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ገፉኝ።

«የኔ ነው። እኔ ነኝ የማነጥፈው።»

እኔ ከሥር እየደገፍኩ እሳቸው እያቃሰቱ ወጣን። ሁለተኛው ቅብ አልደረቀም ነበር፤ እጃችን፣ ጉልበታችን፣ ቀሚሳችን አረንጓዴ ሆነ። ልብሱን ወደ ባሕር በሚያየው በኩል ዘረጋነው፤ ቀለሙ ያዘው እንጂ ተንሸራትቶ በወደቀ ነበር።

ከዚያ ሆነን ሁሉም ነገር ይታየናል። ፓፓ ሜቱአ ጣሪያቸው ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ተቀምጠው ሰማያዊ ሸራ ይጎትታሉ፤ ግማሹ ቀይ ገና አልተሸፈነም። ጀልባው ቦይለሩ ፊት ለፊት ደርሶ ተራውን ይጠብቃል። ትልቁ ሞገድ ከመጣና ካለፈ በጀርባው ይገባል፤ ከገባም አበቃ። «በል፣ እየን» አልኩ። «በል፣ ቀና በል።» ማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

ሸራው ወረደ። የፓፓ ቀይ ጠፋ።

ጀልባው ባለበት ቆመ። አንዴ ወደ ታች ሰመጠ፣ አንዴ ወጣ። ሦስተኛ ሲወጣ አፍንጫው ወደ እኛ ዞረ፤ በጎን በኩል እየሮጠ ከትንሹ በር ትይዩ ደረሰ። እፎይ ልል ስል ግን አልቆመም። ሞገዱን አልጠበቀም። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በቀጥታ ወደ በሩ ገባ፤ ከኋላው ደግሞ የዚያ ቀን ትልቁ ሞገድ እየተነሣ ነው።

ከታች ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሳልፈው! ቆይ! ቆይ!» ይላል። ሞገዱ ጀልባውን ከኋላ አንሥቶ ተከመረበት። ነጭ አረፋ ብቻ ሆነ። ማማ እጄን ጨበጡኝ፤ ጥፍራቸው ገባ። ሌላ ምንም አላስታውስም። ከዚያ ከአረፋው ውስጥ፣ ከበሩ ወዲህ፣ ጀልባው ውሃ ሞልቶት ጎኑን አዘንብሎ ብቅ አለ።

ከመሰላሉ ወርጄ ደጃፍ ስደርስ ቴኦኮታይ ጀልባውን ሳያስር ሮጦ መጥቷል። ላቅፈው ስል ትከሻዬን ያዘ።

«መቼ?»

«ምኑ?»

«መቼ ሞተች? ቀበራችኋት?»

ከጣሪያው ላይ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

ቀና አለ። እናቱ በአራት እግራቸው እየዳሁ፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ከላይ ያዩታል። አባቱ መቃብር ላይ ቁጭ አለ፤ እርጥቡ ኖራ ሱሪውን አበላሸው።

«ቀረብ ስል ነጫጭ አበቦቹን አየሁ» አለ። «ሞታለች አልኩ። ሳትቀበር ልድረስ ብዬ … ሞገዱን ረሳሁት።»

ፓፓ ሜቱአ እያነከሱ በበሩ ገቡ። «መስመሩን ግን አልሳትክም» አሉት።

«የምን መስመር? እናቴን ነው ከጥርሱ ሥር ያስገባኋት።»

ይህን ሲል ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም ቀጠልኩ። ማማ ብቻ አላለቀሱም። ልብሱን ከጣሪያው ላይ እየላጡ ነበር፤ አውርደን ሣሩ ላይ ስንዘረጋው የቆርቆሮው መስመር በሙሉ አበቦቹ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታትሟል። የእህቶቻቸው ስፌት ያለበትን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ፓፓ፣ ከቀይዎ የተረፈ አለ?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ። አሁን አመጣለሁ።» ወደ ማማ ዞር አሉ። «አረንጓዴ ከተረፈዎ ደግሞ ለእኔ ይስጡኝ።»

ማማ አልሰሟቸውም። ልብሱን እያዩ ነበር።

«በዚህማ አልቀበርም» አሉ። «ሌላ ሰፍቼ እስክጨርስ መሞት የለም ማለት ነው።»

ቴኦኮታይ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ቀስ ብለሽ ስፊው» አላቸው።