አይጥ የሌለባት ደሴት

«ጨምርበት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት አማቱ ናቸው። ድመት አየሁ ብሎ የጀመረውን ወሬ ነብር ላይ ሳያደርስ አይለቅማ! አንዴ ጉንፋን ይዞት ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ሲያስነጥስ የጎረቤት ጣራ እንደተነቀለ በመሐላ አስረድቷል።

አንድ ቀን እሱና አማቱ ሚስቱን ሊጠይቁ በጀልባ ሊሻገሩ ሆነ። ሚስቱ ከየብስ ርቃ፣ ሰው እንዳይሰፍርባት በሕግ የተከለለች የአንዲት ደሴት ጠባቂ ናት። ደሴቷን አይጥ ወርሯት፣ እንቁላላቸውን ባዶ መሬት ላይ የሚጥሉት የባሕር ወፎች ጥለዋት ሄደው ነበር። ሚስቱ ስንት ዓመት በወጥመድ ስትለቅም ኖራ የመጨረሻዋን አይጥ አጠፋች። ወፎቹም ገና ዘንድሮ ተመለሱ። ስለዚህ ወደዚያ የሚሻገር ሁሉ ወደቡ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል ገብቶ የጫማውን ሶል በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ጓዙን ዘርግፎ ያስፈትሻል።

ጨምርበት ለሚስቱ ግማሽ ጆንያ ለውዝ ይዟል። ፈታሹ «ዘርግፈው» ሲለው ወሬ ጀመረለት።

«ስማኝማ ወንድሜ! ባለፈው መንጠቆ ጥዬ ዓሣ ልይዝ ስል ዓሣው እኔን አልያዘኝ መሰለህ? ወዲያ ገልበጥ፣ ወዲህ ገልበጥ አድርጎ አየኝና ‹ይሄማ ገና አልደረሰም› ብሎ ወደ የብስ ወረወረኝ!»

ፈታሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባውን እየጠረገ፣ «ሂድ ወዲያ፣ እለፍልኝ!» አለው። ጆንያው ሳይዘረገፍ አለፈ።

ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ሚስቱ እናቷን አገላብጣ ሳመች፤ እሱን ጉንጩን ቆንጠጥ አደረገችው። «ድምፃችሁን ቀንሱ። ታቅፈው ነው ያሉት። ከደነገጡ ብድግ ይላሉ፤ እነሱ ብድግ ካሉ ደግሞ ሸርጣኑ እንቁላሉን ይለቅመዋል።»

እናትና ልጅ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ገቡ። ጨምርበት ጆንያውን በረንዳው ላይ አሳረፈና ወገቡን ሲያፍታታ፣ ከጆንያው ጥግ ባለች ቀዳዳ ጢም ብቅ አለ። ከጢሙ ኋላ አፍንጫ መጣ። ከዚያ አይጧ ዱብ ብላ ወረደችና ሣሩ ውስጥ ገባች።

ጨምርበት «አንዲት አይጥ ምን ታመጣለች?» ብሎ ዝም ሊል አሰበ። ግን ከሣሩ ማዶ ተዳፋቱ ላይ ወፎቹ፣ ንፋስ እንደበተነው የታጠበ ልብስ መሬቱን ሞልተው ተቀምጠዋል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይሄኛው ግን እያደር የሚዋለድ ነው።

ገባና፣ «አይጥ አመለጠች» አለ።

አማቱ ሳቃቸው አፈናቸው። «ቀንድ ነበራት?»

«እርስዎን ያሳጣኝ፣ አይጥ ናት!»

«በእኔ አትማል! ልትገድለኝ ነው እንዴ? ይልቅ ጥርሷ የዝሆን ነው በለንና እንገላገል።»

ሚስቱ ውሃ እየቀዳች ፈገግ እንዳለች፣ «እሺ፣ ምን ታህላለች?» አለችው።

«ትንሽ ናት። ግራጫ። ከጆንያው ነው የወጣችው። ሳላስፈትሸው ነው ያለፍኩት።»

ፈገግታዋ ጠፋ። ከተጋቡ ጀምሮ ከዚህ ሰው አፍ «ትንሽ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ቁንጫው እንኳ ኮርቻ የሚጫን ነው። ውሃውን አስቀመጠች።

«የት ገባች?»

አሳያት። አማቱ ብድግ አሉ። «ዱላ አምጪ! ሣሩን እንደብድበው!»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ሣሩን ከመታነው በቀጥታ ወፎቹ ላይ እናባርራታለን፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ይሄን ጉደኛ ጆንያ ባሕር ጨምሪው!»

«እንዳይነካ! እዚህ አገር የምታውቀው የእሱን ሽታ ብቻ ነው።» ወጥመዶቿን ታቅፋ እየወጣች ወደ ባሏ ዞረች። «ጆንያው አጠገብ ተኛ። እጅህን ቀዳዳው አጠገብ አድርግ፤ ተመልሳ ስትገባ ድፈነው። ብትሞት እንኳ ድምፅ አታሰማ።»

ጨምርበት በደረቱ ተኛ። ፀሐይዋ ማጅራቱን ትጠብሰዋለች፤ ጉንዳን አንገቱ ላይ ይርመሰመሳል። ሚስቱ ከሣሩ ማዶ ተንበርክካ ወጥመድ ትደረድራለች። ድንገት ሣሩ ተነቃነቀ። ጭራ ታየው፤ ወደ ወፎቹ እየሄደ ነው። ዳር ያለችው ወፍ አንገቷን ቀጥ አደረገች። ከዚያ ሌላዋም። ሚስቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

አይጧ ቆመች። አየሩን አሸተተች። ተመለሰች።

ጆንያው ላይ ልትወጣ ስትል ከወዲያ አንድ ሸርጣን እግሮቹን እያንቋቋ ብቅ አለ። አይጧ ደንግጣ ያገኘችው ጨለማ ቀዳዳ የጨምርበት እጅጌ ነበር። ሽው ብላ ገባች። ክንዱ ላይ ስትደርስ በሌላ እጁ ከነጨርቁ ጨብጦ አፈናት። ነከሰችው። ደግማ ነከሰችው። ዓይኑ ሊፈርጥ ደረሰ፣ ከንፈሩን ነክሶ ደማ፣ ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ በደረቷ እየተሳበች ደርሳ ከነእጅጌው በጨርቅ ከረጢት ያዘቻት።

«ተገላገልን» ብሎ ሲያንሾካሹክ፣ እሷ አይጧን ገልብጣ ሆዷን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጡቷ አግቷል። ወልዳለች።»

«መቼ? አሁን ሣሩ ውስጥ?»

ሚስቱ ጆንያውን ጎትታ ቤት አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወተፈች፣ ከዚያ ለውዙን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ከጆንያው ጥግ፣ ከተበጣጠሰ ክር መሐል፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ቀያይ ፍጥረቶች ተጠቅልለው ነበር። አይጧ ለካ የተመለሰችው ለለውዙ አልነበረም።

«ወይ እናት!» አሉ አማቱ ቀስ ብለው። ባሕር ጨምሪው ያሉት እሳቸው አልመስል አሉ።

«ውጪ ጠብቁኝ» አለች ሚስቱ።

ስትወጣ እጇን ታጥባ ነበር። በመገናኛ ሬዲዮኑ ለመሥሪያ ቤቷ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የማን ጆንያ እንደሆነም አልደበቀችም። ከዚያ የባሏን ክንድ ማሰር ጀመረች።

«ለፈታሹ አንተው ትነግረዋለህ። በዚሁ ጀልባ ትመለሳለህ።»

«እማማስ?»

«እማዬ ከኔ ጋር ትቆያለች። ወጥመድ ታግዘኛለች፤ ሌላ አለመኖሩን ሳላረጋግጥ እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔስ መቼ ልምጣ?»

ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው። «ጫጩቶቹ ሲበሩ።»

አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ተዳፋቱን አየ፤ ወፎቹ እንደተቀመጡ ናቸው። አፉን ዘጋ። ጠጠሩ እንዳይንኮሻኮሽበት ጫማውን አወለቀና በእጁ አንጠልጥሎ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ወደ ጀልባው ወረደ።