ሁሉም ዋና የሆነበት ገጽ

ቪዲዮና ድምፅ ከአንዱ ማቀናበሪያ ወደ ሌላው እየተላለፉ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር የሚያመርተው ቢሮ አንድ ክፉ አመል ነበረው። በሶፍትዌሩ የአጠቃቀም መመሪያ ገጽ ላይ እያንዳንዱ መሐንዲስ የራሱን ክፍል በትልቁ ርዕስ ይጽፋል፤ ማን ከማን ያንሳል! ቀለም ማስተካከያው ዋና ርዕስ፣ ፋይል መክፈቻው ዋና ርዕስ፣ «ማስታወሻ» የምትል አንዲት መስመር እንኳ ዋና ርዕስ። በገጹ ዳር ያለው ማውጫ ሁሉም እኩል የሚጮህበት ገበያ መስሎ ነበር።

ይህን እንድታስተካክል የተሰጣት አዲሷ የሰነድ ጸሐፊ ናት። የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያልቃል፤ ገጹ እስከዚያ ካልጸደቀ ሥራው አይኖራትም። የገጹን ስም ብቻ ዋና ርዕስ አድርጋ የቀሩትን በየደረጃቸው አወረደች። መሐንዲሶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን አጸደቁላት። የቀሩት ጋሼ ድምፅ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የድምፁን ክፍል ስለሠሩ ነው ይባላል፤ ሲቆጡ የሰማ ግን ሌላ ምክንያት ያገኝለታል።

«ሦስተኛ ደረጃ?» አሉ፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። «‹ማጣሪያዎች› ከሚለው ርዕስ ሥር? እኔን?»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ፣ ርዕሱን ነው እንጂ።»

«ርዕሱ እኔ ነኝ!»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አሮጌውን ገጽ ከፈተችላቸው። «እስቲ ድምፅና ምስልን ማመሳሰል የሚለውን ያግኙልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ማውጫውን ወደ ታች ወረዱት፣ ደግሞ ወደ ላይ ወጡት። በገዛ እጃቸው የጻፉትን አጡት።

«ማን ወሰደው?» አሉ ተቆጥተው።

በአዲሱ ገጽ «ድምፅ» የሚለውን ነካ ሲያደርጉ ከሥሩ ቁጭ ብሎ አገኙት። ጣታቸውን ወደ ማጽደቂያው ቁልፍ ሰደዱ። እሷም ተገላገልኩ ብላ ተነፈሰች።

ጣታቸው ግን ማጽደቂያው ላይ ሳይደርስ ቆመ። «ይሄን ‹ስለዚህ መመሪያ› የሚለውን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልወረደም?»

ፊቷ ጋለ። እውነትም የሁሉንም አውርዳ የራሷን ከገጹ ስም እኩል በትልቁ ትታዋለች። «እሱማ... መግቢያ ስለሆነ ነው፤ ደግሞ አሳምሬ ነው የጻፍኩት...»

«እኔስ ምን አድርጌ ነው የጻፍኩት?»

የራሷንም ርዕስ ዝቅ አደረገችው። ፊደሎቹ ዓይኗ እያየ አነሱ፤ እንዲህ ይከፋኛል ብላ አላሰበችም። የእሷ የወረደው አንድ ደረጃ ነው፤ የእሳቸውን ሁለት ደረጃ ስታወርድ ምንም አልመሰላትም ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ከልቧ።

«ያማል፣ አይደል?» አሉና አጸደቁላት።