መነጽር የሌለው ሽማግሌ

በፊልሙ ላይ የእኔ ሥራ «አማካሪ» ይባላል። ፊልሙ ስለ እኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይመጣ እዚህ አገር ስለነበርነው ስለ ነባሮቹ። አማካሪ ማለት ዳይሬክተሩ «ትክክል ነው አይደል?» ሲለኝ «አይደለም» የምል፣ እሱም «አመሰግናለሁ» ብሎ ያሰበውን ሲያደርግ ቆሜ የማይ ሰው ማለት ነው።

በባዶ እግራችን አንሄድም አልኩ፤ የሁሉም ጫማ ወለቀ። ከዛፍ ጋር አናወራም አልኩ፤ ዛፍ ተከራዩ። በሁለት ቃል መካከል ይህን ያህል ዝም የሚል ዘመድ የለኝም፣ እንዲያውም ወሬያችንን የሚያስቆመን ጠፍቶ ነው አልኩ። «ግሩም!» አለና ዝምታውን አስረዘመው። 

ነገሩ በእኔ ብቻ ቢቀር ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ግን ሽማግሌውን ሆኖ እንዲጫወት ያመጣሁት አጎቴን ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሊስቅ ሲል አስቀድሞ ግራ ቅንድቡን ስለሚያነሳ ሰፈሩ «ፍሬቻ» ይለዋል። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር።

«መሳቂያ ያደርጉኛል» አለኝ።

«ጋሼ ደግሞ! እኔ እያለሁ ማን ነክቶህ!»

በዚህች ቃሌ መጣ። ገና ከመግባቱ ዳይሬክተሩ መነጽሩን አየበት።

«አባት፣ ይህቺን ነገር ያውልቁልኝ።»

«ያለ እሷ አይታየኝም፣ ልጄ።»

«ፊልሙ የዛሬ ዘመን ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት እኔ።

«ዘመኑ የዛሬ ነው። ሽማግሌው ግን የጥንት ነው» አለኝ። የልብስ ሠራተኛዋ መነጽሩን ኪሷ ከተተችው።

ቀኑን ሙሉ ጋሼ በዳበሳ ሠራ። እንዳያደናቅፈው እየፈራ ቀስ ብሎ ሲራመድ ዳይሬክተሩ «ግርማ ሞገሱን እዩልኝ!» ይላል። ካሜራው የት እንዳለ ጠፍቶት ወደ ሩቅ ሲያፈጥ «ከአያቶቹ ጋር እየተነጋገረ ነው» ብሎ እንባው መጣ።

«እኔን እየፈለገኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፅ እየቀዳን ነው ብለው ከመብራቶቹ ኋላ ገፉኝ።

በቃ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። መነጽሩን ከልብስ ሠራተኛዋ ተቀብዬ ቀረጻው መሃል ጥልቅ አልኩና ዓይኑ ላይ አደረግኩለት። ካሜራው አልቆመም።

ጋሼ ሲሠራበት የዋለውን የፊልም ሰፈር ያየው ገና ያን ጊዜ ነው። በየደጁ የተሰቀለውን የከብት ራስ ቅል አየ፤ የፕላስቲኩን ጣዖት አየ፤ ፊታቸውን ጭቃ ተቀብተው የሚያጉረመርሙትን ተዋንያን አየ። ግራ ቅንድቡ ተነሳ። ሳቁን ጠበቅኩ። አልሳቀም።

«ይሄ የማን ሰፈር ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የእኛ ነው አሉ፣ ጋሼ።» አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የለበሰውን ቆዳ ተመለከተ፣ ቀጥሎ ባዶ እግሩን።  እናቱን የቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁበትም።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘለለ። «ፊቱን ያዛችሁት? እውነት እውነት የምላችሁ እኮ ይሄ ነው!»

«መነጽሩ አብሮ ገብቷል» አለ ካሜራማኑ።

«ችግር የለም፣ በኮምፒውተር እናጠፋዋለን።»

ጋሼ ቆዳውን አወለቀና በሥርዓት ወንበሩ ላይ አኖረው። ጫማዬን አምጡልኝ አለ። ካደረገ በኋላ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ።

«ልጄ፣ መነጽሩን ስታጠፋ እኔንም አብረህ አጥፋኝ።»