ውሃው እስኪጠልል

ከሪማ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። የቀበሌው ትምህርት በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በእህል መጋዘኑ ጥላ ሥር ሲሰጥ፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ ከሴቶቹ ኋላ ትቀመጣለች። ስሟ ሲጠራ «አለሁ» ትላለች፤ ሲያልቅ ብድግ ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዕድሜዋን በሙሉ እንዲሁ ዝም ብላ ብትጨርሰው ደስታዋ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ልጇ ቡርሀን ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተደብቆ ነበረ።

ቡርሀን እዚያ ከገባ ሰንብቷል። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከየቤቱ መታፈስ ሲጀምር፣ ሟች ባሏ ጀላሉዲን ከደንገል ታንኳ ይሠራበት ከነበረው የጣና ሐይቅ ዳርቻ ፈንጠር ብሎ፣ ደንገሉ እንደ ግድግዳ ከቆመበት ቦታ፣ የታጨደ ደንገል ደራርባ መደብ የመሰለ ነገር አበጀችለት። ለጠየቃት ሁሉ «ጎርጎራ አጎቱ ዘንድ ሄዷል፤ ዓሣ ያጠምዳል» ትላለች። ማለዳ ማለዳ ደንገል አጭዳ ለመሸጥ የወጣች መስላ ታንኳዋን በቀርቀሃ እየገፋች ትገባና በጨርቅ የቋጠረችውን ቂጣ ታቀብለዋለች። ስትመለስ ታንኳው ያጎበጠውን ደንገል በእጇ እያቃናች ነው የምትወጣው። ቤቷ ገብታ በሩን እስክትዘጋ ድረስ ትንፋሿ አይመለስላትም።

አስተማሪው መርስዔ ኀዘን ይባላል። ከዚያ ክፉ ድርቅ ማግስት ስለ አፈርና ስለ ውሃ ሕዝቡን እንዲያስተምር የተላከ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ የልማት ሠራተኛ ነው። የዚያን ዕለት ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ። አንዱ ባዶ ነው። በሌላው ትናንት ከዘነበው ዝናብ በኋላ ከእርሻ የወረደ ጎርፍ ሞልቶበታል።

«ይህ ውሃ አይደለም» አለ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ። «ይህ የእናንተ ማሳ ነው። ወደ ጣና ሲሄድ መንገድ ላይ ያዝሁት።»

«የኔ የትኛው ጋ ነው?» አለች ሰዓዲያ፣ የከሪማ ጎረቤት። «ከላይ ያለው ነው ከታች? ድንበሬን ልወቅ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቢያዝን ግን አልሳቀም፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

«ስለ መሬት ካነሣን፣ ይህ ዳርቻውን የያዘው ደንገል ሥራ ፈት ነው። የወባ ቤት ነው። ሰኞ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ ይመነጥረዋል፤ ድንችና ሽንኩርት እንተክልበታለን። አስተያየት ያለው?»

አስተያየት ማለት ጭብጨባ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እጆች ለማጨብጨብ ተነሡ። ከሪማ መቼ ብድግ እንዳለች አታውቅም።

«አይሆንም!» አለች።

ፊት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። መርስዔ ኀዘን ብቻ እንደማበረታታት ራሱን ነቀነቀላት።

«ባሌ ደንገል ሲያጭድ ኖሮ ነው የሞተ። ከላዩ ይቆርጣል እንጂ ሥሩን አይነካም ነበር። ጭቃውን የሚይዘው ሥሩ ነው። ይሄ መምህሩ ያሳዩን ጎርፍ ደንገሉ ውስጥ ሲገባ እዚያው ይቀራል፤ ከመሃል ያለው ውሃ እንደ ዘምዘም የጠራ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠጥቼዋለሁ። ደንገሉን ካነሣችሁት አፈሩ ሁሉ ሐይቁ ሆድ ይገባል። ዓሣውስ የት ይራባ?»

«ይህን ልነግራችሁ ነበር የመጣሁ!» አለ መርስዔ ኀዘን፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ። «ባዶው ጠርሙስ የሚሞላው ከዚያ ከደንገሉ መሃል ነው። ነገ ጠዋት ቀድቼ—»

«ነገ ለምን?» አለ ቢያዝን። «ፀሐይ ገና ናት። ጓዲት ከሪማ ታንኳ አላት። አሁኑኑ ይቀዳና እንየው። ከጠራ ደንገሉ ይቀራል። ካልጠራ ሰኞ ይመነጠራል።»

ከሪማ ያደረገችው ነገር ያኔ ገባት። መደበቂያውን ልታተርፍ ብላ ሰው ሁሉ ወደ ልጇ እንዲሄድ መንገዱን አሳየች።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ቢያዝን ጠመንጃ የያዘውን አብዮት ጠባቂ «አብረህ ግባ» አለው። ሰውየው ታንኳውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ወደ ኋላ አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ይሄ እኮ ሣር ነው! ጠመንጃ ይዤ በሣር ላይ ልንሳፈፍ?»

ሰው ሁሉ ሲስቅ ከሪማ አልሰማችም። ታንኳው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚችለው፤ መርስዔ ኀዘን ጠርሙሱን ይዞ ከፊቷ ተቀመጠ። ደንገሉ ከኋላቸው ሲገጥም ዳርቻው ተሰወረ።

«ቢስሚላህ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መምህር፣ ወደ ቀኝ እንዳያዘነብሉ! ለቦታው እንግዳ ነዎት!»

«ምነው ይጮኻሉ፣ እትዬ ከሪማ? አጠገብዎ እኮ ነኝ።»

«ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

ወደፊት የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከባድ ነገር ውሃውን ከፍሎ የሚያልፍ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ቡርሀን ሰምቷታል። ሰምቶም ሸሽቷል።

መርስዔ ኀዘን ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ሞላና ወደ ብርሃኑ አነሣው። ከጎርፉም የባሰ ደፍርሷል። ጭቃው ጠርሙሱ ውስጥ ይዞራል።

«ጉማሬ ነው» አለች ከሪማ። «ሲያልፍ ያደፈርሰዋል።»

«ጉማሬ» አለ ቀስ ብሎ። እጁን ሰደደና ውሃው ላይ ከሚንሳፈፈው ነገር አንዱን አነሣ። ግማሹ የተገመጠ ቂጣ ነበር።

ከሪማ ቀርቀሃውን ጨበጠች። ይህ ሰው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። አይቶ ዝም ቢል እስር ቤት እንደሚጠብቀው ያውቃል። ቢጮኽ ደግሞ ጠመንጃው ሩቅ አይደለም። 

እሱ ግን ቀና ብሎ አላያትም። የቂጣውን ጭቃ በጣቱ ጠረገና የደንገል ጉቶ ላይ፣ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት፣ አስቀመጠው። ጠርሙሱን ደፋ። ከዚያ ልክ ጥላው ሥር እንደሚያስተምርበት ባለ ድምፅ፣ ለደንገሉ ይሁን ለእሷ ሳይለይ፣ መናገር ጀመረ።

«የደፈረሰ ውሃ እንዲጠልል የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። ሥሩ ደለሉን ይይዘዋል። የውሃው ሥራ ዝም ማለት ነው። እግር ከጭቃው ካልተነሣ ይጠልላል። የትም የቆመ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይነቃነቅ።»

 ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ተቀመጡ። ትንኝ የከሪማ እጅ ላይ አረፈች፤ አላባረረቻትም። ልጇ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በስንቱ እየተበላ እንደሆነ ታስባለች። ያሲን የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ በልቧ መቅራት ጀመረች፣ መሃሉ ላይ ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረች። ቡርሀን በልጅነቱ ሳል ያጠቃው ነበር። አሁን ቢያስለውስ?

«ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?» ብሎ ጮኸ ቢያዝን ከዳርቻው።

«ጉማሬ ይዟቸው ይሆናል» አለ አብዮት ጠባቂው፣ የጠመንጃው መቀርቀሪያ ሲሳብ እየተሰማ። «ወደ ውስጥ ልተኩስና ይሽሽ?»

መርስዔ ኀዘን ብድግ ሊል ሲል ታንኳው ተናወጠ። «እንዳይተኩስ!» ብሎ ጮኸ። «ውሃው ይደፈርሳል! ትምህርቱን ያበላሽብናል!»

ዳርቻው ላይ ሳቁ። ከሪማ የሰውየው ጀርባ በላብ ርሶ ሸሚዙ ሲጣበቅ አየች። እሱም ፈርቷል። ይህን ስታይ ይበልጥ ፈራች።

ኋላ ላይ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ከሥራቸው ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ጠለለ። የደንገሉ ሥሮች እንደ ጣት ተቆላልፈው ታዩ። መርስዔ ኀዘን ጠርሙሱን አንዲት ጠብታ ሳያናውጥ ሞላው።

ቢያዝን ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አገላበጠው።

«ጠርቷል» አለ። «ደንገሉ ይቀራል። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሀብት ያለ ጠባቂ አይተውም! ከነገ ጠዋት ጀምሮ ታጣቂ ይቆማል፤ አጫጅም ሆነ አጥማጅ ዝር እንዳይል። ሐሳቡ የጓዲት ከሪማ ነው። ይጨብጨብላት!»

ተጨበጨበላት። ሰዓዲያ በክርኗ ጎሸም አድርጋት «አንቺዬ፣ ካድሬ ሆንሽብኝ!» አለቻት። መርስዔ ኀዘን ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሲያልፍ አጠገቧ ትንሽ ቆመ።

«ጠባቂው የሚቆመው ነገ ነው፣ እትዬ ከሪማ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። 

መግሪብ ሰግዳ ወደ ሐይቁ ወረደች። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ሊመታው ይገባል፤ ሳይደርቅ በላዩ ላይ ከገቡበት ውሃ እየጠጣ ይሰምጣል። የእሷ ከሰዓቱን በሙሉ ውሃ ላይ ውሎ ከብዷል። ሌላ ግን የላትም። ቡርሀን ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ፊቱ በትንኝ አብጦ ወጣላት።

«ጎርጎራ ሂድ» አለችው። «ስዋሽልህ የኖርሁትን እውነት አድርገው። ዳር ዳሩን ያዝ። ከከበደብህ ወደ ደንገሉ ተጠጋና አድርቀው።»

«አንቺስ እማ?»

«እኔ ሰው የሚያጨበጭብልኝ ሴት ሆኛለሁ፤ ማን ይነካኛል? ሂድ!»

ታንኳው ከፊቱ አዘቅዝቆ፣ ውሃውን እየሰነጠቀ ራቀ። እስኪሰወር ድረስ ዱዓ አደረገችለት።

ከዚያ ወዲህ ከጎርጎራ የሚመጣውን ጀልባ ሁሉ ትጠይቃለች። እስካሁን አየሁት ያላት የለም። አላየሁትም ማለት አልደረሰም ማለት አይደለም ትላለች ለራሷ፤ የሸሸ ሰው መታየት የለበትም። ማለዳ ማለዳ ዳርቻው ላይ ትቆማለች። አብዮት ጠባቂው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል፤ ለምዷታል።

«እውነትሽን ነው እማማ፣ ምን የመሰለ ውሃ ነው» ይላታል። «ከቆምሁ ጀምሮ አንዴም አልደፈረሰም።»

ከሪማ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። የደንገሉ ሥር እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል።

«አዎ» ትላለች። «የሚያደፈርሰው የለም።»