የአማቴ ደረጃ

እኔ የምታወቀው በሊሾ ነው። ያለሰለስኩት ሲሚንቶ ላይ ጎንበስ ብለህ ጺምህን መላጨት ትችላለህ ይላሉ። ስለዚህ ሰፈር ያወጣልኝ ስም «መስታወት» ነው፤ ሠራተኛውም አሠሪውም በዚሁ ይጠራኛል። ይህ ስም በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ አማቴ ብቻ ናቸው። ለእሳቸው እኔ «አንተ ሰውዬ» ነኝ። ልጃቸውን አግብቼ፣ የልጅ ልጅ አሳቅፌያቸው፣ ዛሬም «አንተ ሰውዬ»!

አማቴ የሚኖሩት ዳገት ላይ ነው። ሰፈሩ የድሮ ነው፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች ይዘውታል፣ ቤቶቹ ደግሞ ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥለዋል። ከመንገድ ወደ አማቴ በር የሚያደርሰው አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ ነው፤ በአንድ ጎኑ ግንብ፣ በሌላ ጎኑ እሾህ የወረሰው ገደል። ሌላ መንገድ የለም። አጠገቡ ያለው ትልቅ ዛፍ ሥሩን እየሰደደ ያንን ደረጃ ፈነቃቅሎታል። በቀደም አማቴ እዚያ ላይ ወደቁ። ክርናቸው ተላጠ፣ ጉልበታቸው አበጠ፣ ለጥቂት ተረፉ።

ይህን የሰማው የባለቤቴ ወንድም ነው። የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ እናቱን ሲወድ ልክ የለውም፣ ሲናገር ግን ጥሩምባ ነው።

«እሁድ እመጣለሁ» አለ በስልክ። «እማዬ ብቻዋን ወርዳ ብቻዋን ከወጣች ቤቷ ትቀመጥ። ካልሆነ ዕቃዋን ጭኜ እወስዳታለሁ። አበቃ!»

እወስዳታለሁ ይበል እንጂ እሱ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። አማቴ የሚወሰዱት ወዴት እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ባለቤቴ ከወዲሁ መሣሪያዎቼን ከትንሿ ክፍል አውጥታ በረንዳ ላይ ደርድራቸዋለች። እኔና አማቴ በአንድ ጣሪያ ሥር! የአምላክ ያለህ! በማግስቱ ሲሚንቶና አሸዋ አስጭኜ ዳገቱ ሥር ተገኘሁ።

አብሮኝ የነበረው ቀላቃዩ ነው። ኮንክሪት የሚቀላቅልልኝ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም፣ ሲያወራ ይውላል። እሱ እያወራ እኔ እየተቆጣሁ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ገና ሥራው ሳይጀመር ከአማቴ ጋር ተጣላን። እኔ ዛፉ ይቆረጥ አልኩ። እሳቸው ከላይ ከበራቸው ሆነው «መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ!» አሉ። ዛፉ ቀረ፤ ደረጃውን በሥሩ ዙሪያ አጥፌ አስኬድኩት። ሳንቃ መትተን፣ ፌሮ አስረን፣ ልንሞላ ስንል ደግሞ የላይኛውን ሳንቃ በእግራቸው ነካ አድርገው «ደረጃህ ረጅም ነው፤ እኔ ፍየል አይደለሁም፤ ዝቅ ዝቅ አድርገው» አሉኝ። ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሳንቃ ያንሳል። ብሽቅ አልኩና አጠገቤ ያገኘሁትን ረጅም ሳንቃ በመጋዝ ቆራርጬ የጎደለውን ሞላሁ።

ያ ሳንቃ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ደረጃ የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከጀመርክ ኮንክሪቱ ተንሸራቶ እግርህ ሥር ይከመራል። ስለዚህ አለስላሹ ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ከላይ ያገኘዋል። እዚያ ታግቶ እንዳይቀር ታዲያ በጎን በኩል መውረጃ ሳንቃ አስቀድሞ ያጋድማል። የማንም ግንበኛ ልማድ ነው፤ እኔም ያለዚያ ሠርቼ አላውቅም። በንዴት የቆራረጥኩት እሱን ነው።

በሙሌቱ ዕለት ቀትር ላይ የመጨረሻውን ደረጃ አለስልሼ ቀና አልኩ። አቤት ማማሩ! ወገቤ ተቆርጦ ሊወድቅ ቢደርስም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ መውረጃዬን ፈለግኩ።

ቀላቃዩ ከታች ሆኖ እኔን አየ። ደረጃውን አየ። ግራ ቀኝ ሳንቃውን ፈለገ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«መስታወት! በምን ልትወርድ ነው?»

«ዝም በል!»

«በእሾሁ በኩል ሞክራ! እሱ ካልሆነ ዛፉ አለልህ፤ ለካ ያልተቆረጠው ለዚህ ኖሯል!»

«ዝም በል አልኩህ!»

«ምን ቸገረህ፣ እስከ ነገ ይደርቃል። አማትህን ሰላም በልልኝ» አለና እየሳቀ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። «አንተ ሰውዬ፣ ተገትረህ ከምትቀር ግባ» አሉ አማቴ።

ገባሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? ጸጉሬ ላይ ሲሚንቶ፣ ቅንድቤ ላይ ሲሚንቶ፣ ሸሚዜማ ባወልቀው ብቻውን የሚቆም ነው። አማቴ ፊት ለፊቴ ቆመው ወደ እኔ ተመለከቱና «ዛሬስ ደህና አድርገህ ንጹሕ ለብሰሃል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው ቤቱ የገባን እንግዳ እንዲህ ይዘልፋል? አፌ ላይ የመጣውን መልስ እንደምንም ዋጥኩት። እሳቸው ምንም እንዳልተናገረ ሰው ውሃ ሊቀዱልኝ ተነሡ። ብርጭቆውን ያዙ፣ ሌባ ጣታቸውን በጠርዙ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ውሃው ጣታቸውን ሲነካ ማንቆርቆሩን አቆሙ። የባሰ ተናደድኩ። በንጹሕ ውሃዬ ውስጥ ጣት!

ልናገር አፌን ስከፍት ሸሚዜ ታየኝ። ብርጭቆው ታየኝ። ንዴቴ የት እንደገባ እኔ አላውቅም።

«እማማ» አልኩ ቀስ ብዬ፤ «ሸሚዜ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ምን ይላል ይሄ?»

«ይንገሩኝ እስቲ።»

እጃቸው ወንበሩን ዳሰሰ፣ አገኘው፣ ቁጭ አሉ።

«ለልጄ ብትነግር ዓይንህን አላይም!» አሉ በቁጣ። ወዲያው የተናገሩት ለራሳቸው ተሰማቸውና፣ «ደግሞ አሁንስ መቼ አየሁት» ብለው ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚህ በፊት አብረን ስቀን አናውቅም።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ሌላው ሁሉ ጉም ነው። ሐኪም አይቷቸዋል፤ የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። ማንም አልሰማም፤ ምክንያቱም ቤታቸው ውስጥ ማንም አይበልጣቸውም። ምጣዱን፣ ቁልፉን፣ መርፌውን ሳይቀር እጃቸው ያውቀዋል።

«ይሄ ቤት እያንዳንዱ ጥጉ እግሬ ውስጥ ነው» አሉኝ። «አሁን ዕውር አይደለሁም። ሌላ ቤት የወሰዳችሁኝ ቀን ነው የምታወረው።»

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አልኳቸው። ሳስበው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። «ታዲያ በዚያ በተሰነጣጠቀ ደረጃ እንዴት ይወርዱ ነበር?»

«ስንጥቁ ነዋ የሚመራኝ! የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጋ እንዳበጠ እግሬ ያውቀው ነበር። ያን ቀን ቅጠል ረግፎበት ተሸፈነና አሳተኝ።»

ተነሥቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ያ የኮራሁበት ሥራዬ በዛፉ ጥላ ሥር ተዘርግቷል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ፣ አንድ ዓይነት ልስልስ፣ ጠርዙ ከመሃሉ የማይለይ። ለአማቴ ከዚህ የከፋ ነገር ልሥራ ብዬ ባስብ እንኳ ይህን ያህል አይሳካልኝም ነበር። እግራቸው የሚያውቀውን አንድ በአንድ ደፍኜ፣ አለስልሼ፣ በላዩ ላይ ተመጻድቄበታለሁ። በራሴ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። እሁድ እዚህ ላይ እግራቸውን ሲያነሡ ታየኝ።

ኮንክሪቱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ገና ይቀበላል፤ ብዙ ግን አይቆይም።

«እማማ፣ ጠጠር አለ?»

«የአበባ ማሰሮዎቼ አፋቸው በጠጠር የተሞላ ነው። ምን ሊያደርግልህ?»

«በየደረጃው ጠርዝ ላይ አንድ ረድፍ እተክላለሁ። እግርዎ ጠጠር ሲነካ ጠርዙ ደረሰ ማለት ነው። መታጠፊያው ላይ ሙሉውን፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ረድፍ።»

አልተከራከሩኝም። ይህ ራሱ ታምር ነው። ማሰሮዎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፉና ጠጠሩን በጣታቸው ይለዩ ጀመር፤ ሹሉን ወዲያ፣ ድቡልቡሉን ወዲህ። እንደ እሳቸው ቶሎ የሚለይ ሠራተኛ ኖሮኝ አያውቅም።

«ግን ምን ላይ ሆነህ ልትተክለው ነው?» አሉ ድንገት።

ዙሪያዬን አየሁ። «የጓዳውን በር እነቅላለሁ።»

«በሬን?!»

«በርዎን።»

ትንሽ አሰቡና «ንቀለው» አሉ። «መንቀሉን ከደረጃው ሥራ የተሻለ እንደምትችልበት ተስፋ አደርጋለሁ።»

በግራና በቀኝ ያሉት ሳንቃዎች ከኮንክሪቱ ከፍ ያሉ ናቸው። በሩን በላያቸው አጋድሜ በሆዴ ተኛሁበትና የመጀመሪያውን ጠርዝ ያዝኩ። ያን መስታወት የመሰለ ፊት በገዛ ጣቴ ስወጋው አዘንኩለት፤ አልዋሽም። አንዱን ስጨርስ በሩን ወደ ታች እስባለሁ፣ እንደገና እተኛለሁ። አማቴ ከላይ ሆነው ጠጠሩን በጣሳ እያደረጉ በገመድ ይልኩልኛል፤ እየላኩም «አቀራርበው! እግር ነው የሚያነበው፣ ሰነፍ አትሁን!» ይላሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጨረሻው ላይ ደረስኩና ከበሩ ተንከባልዬ መንገዱ ላይ ወረድኩ።

ቀላቃዩ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቷል። «በር ነበረህ ማለት ነው?» አለ። «ታዲያ ቀትር ላይ ለምን አልወረድክም?»

«ሂድ፣ ጆንያ አምጣ!» አልኩት።

እስከ እሁድ ደረጃው እንዲጠነክር ጆንያ ለብሶ ውሃ ሲጠጣ ሰነበተ። እሁድ ጠዋት ጆንያውን ስገልጥ የባለቤቴ ወንድም መጣ። አውቶብስ ባይይዝም የያዘ ይመስላል፤ መንገዱን ሞልቶት ነው የሚራመደው። ደረጃውን ሲያይ ቅንድቡ ተነሣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ኩፍኝ ወጣበት እንዴ? አንተን ነው መስታወት የሚሉህ?»

«እንዳያንሸራትት ነው» አልኩ። ቃል ገብቻለሁ፤ ሌላ ምን ልበል?

«እማዬ! ውረጂ እስቲ!» ብሎ ጮኸ።

አማቴ በራቸው ላይ ብቅ አሉ። ስስ ጫማ ነው ያደረጉት። አንድ እግራቸውን ወደፊት ላኩ፣ ጠጠሩን ነኩ፣ ወረዱ። ቀጥለው ነኩ፣ ወረዱ። ቀላቃዩ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። የዛፉ ሥር ጋ ሲደርሱ እግራቸው ሙሉውን ጠጠር አገኘና እንደ ወጣት ሴት ሽር ብለው ታጠፉ። ሁለቱ ረድፍ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ወርደዋል! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ልጃቸው ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው።

አማቴ አላዩትም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አቅንተው፣ እየጠበቁ፣ ኮርተው ቆመዋል። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ትንሽ ወደ ፊታቸው አስጠጋው፤ ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። ልስልላቸው አሰብኩ፤ ዘገየሁ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ጥሩምባውን ጠበቅኩ።

ጥሩምባው አልነፋም። ልጃቸው እጁን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ጠጠሮቹን አየ። እጁን ቀስ አድርጎ ሰበሰበ።

«እማዬ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ወይ ልጄ።»

«ጎበዝ። በይ አሁን ውጪ።»

ዞሩና መውጣት ጀመሩ። እሱም ከኋላቸው ተከተለ። ሲንገዳገድ ሳየው ምን ሆነ ብዬ ጠጋ አልኩ። ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ዓይኑን ግጥም አድርጎ፣ በጫማው ጫፍ ጠጠር እየፈለገ፣ አንድ በአንድ ይወጣል። ሥሩ ጋ ሲደርስ ተደናግሮ ቆመ፣ በእግሩ ዳሰሰ፣ ታጠፈ፣ ቀጠለ።

እላይ ሲደርስ ሌላ ደረጃ ያለ መስሎት እግሩን ባዶ አየር ላይ አነሣ። አማቴ ኮቴውን ያዳምጡ ኖሯል።

«ልጄ፣ ጨርሰሃል» አሉት። «በሩ በቀኝህ ነው።»

ዓይኑን ሳይገልጥ በቀኙ ዞሮ እናቱን አገኛቸውና አቀፋቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ለእኔ የሚሰማ ነገርም አልነበረም። ቆይቶ ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ ወደ ታች ጮኸ።

«መስታወት! ከደረጃው ጫፍ እስከ በሩ ያለው ልስልስ ነው፤ እሱ ላይስ መቼ ነው ጠጠር የምትተክለው?»

«ነገ» ልል አፌን ስከፍት ቀላቃዩ ቀደመኝ። «ነገ!» ብሎ መለሰልኝ።